የከባቢ ተለዋዋጮች አያያዝ በሰርቨሮች አስተዳደር ውስጥ




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት ሲሰሙት ጠባብ፣ ምናልባትም ኢምንት መስሎ የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ በወቅቱ መከፈል አለመከፈሉ፣ የአንድ ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ከብልሽት በኋላ መገኘት አለመገኘቱ በዚህ በትንሹ ጉዳይ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም መወሰን ይገባል። የከባቢ ተለዋዋጭ ማለት አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ይዞት የሚነሣ፣ ስምና ዋጋ ያለው አጭር ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ትእዛዞችን በየትኞቹ ማውጫዎች እንደሚፈልግ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ፣ በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሚቆጥር፣ ዳታቤዙን በየትኛው አድራሻ እንደሚያገኝ የሚነግረው ይኸው ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1979 በቤል ላቦራቶሪዎች በወጣው በዩኒክስ ሰባተኛ እትም ውስጥ ተጀመረ፤ ዛሬም በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በዚያው መልክ ይሠራል።

የዚህ ዘዴ መሠረታዊ ሕግ ውርስ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በሚፈጠርበት ጊዜ የወላጁን ከባቢ ቅጂ ይወስዳል። ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁሉ፣ ልጁ የለወጠው ነገር ወደ ወላጁ አይመለስም። ፕሮሰሱ ከተነሣ በኋላም በውጭ በፋይል ላይ የሚደረገው ለውጥ አይደርሰውም። ስለሆነም «ተለዋዋጩ በሰርቨሩ ላይ ተሞልቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን ፕሮሰስ ያስነሣው ማን ነው? ምንስ አወረሰው?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ባለሙያ በየሌሊቱ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣ ስክሪፕት ጻፈ እንበል። በእጁ ሲሞክረው ያለ እንከን ሠራለት፤ ከዚያም ለክሮን አስረከበው። ክሮን ግን የተጠቃሚውን የመግቢያ ፋይሎች አያነብም። በዴቢያን ላይ ክሮን በራሱ የሚሰጠው የትእዛዝ መፈለጊያ ሁለት ማውጫዎችን ብቻ የያዘ ነው። ቅጂውን የሚያወጣው ትእዛዝ ከእነዚህ ውጭ ከተቀመጠ አይገኝም፤ የስሕተቱን መልእክትም የሚያነብ ሰው ከሌለ በየሌሊቱ ባዶ ፋይል ሲከመር ይኖራል። ነገሩ የሚታወቀው ዲስኩ የተሰበረ ዕለት ነው።

እንዲህ ያለውን በእጅ የሚሠራ ሥራ ለማስቀረት የሰርቨር ማዋቀሪያ መሣሪያዎች ተፈለሰፉ። ሲኤፍኤንጂን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ፓፔት በ2005፣ ሼፍ በ2009፣ አንሲብል ደግሞ በ2012 ወጡ። ዓላማቸው ሰርቨሩ ሊኖረው የሚገባውን ሁኔታ በጽሑፍ አስፍሮ ማሽኑ ራሱ እንዲፈጽመው ማድረግ ነው። ፓፔትና ሼፍ ለሚያስኬዱት ትእዛዝ፣ አንሲብልም ለአንድ ተግባር ወይም ለተግባሮች ስብስብ የከባቢ ተለዋዋጭ መስጠት ያስችላሉ። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተሰጠው ዋጋ ትእዛዙ እስኪያልቅ ብቻ ይቆያል፤ በሰርቨሩ ላይ አሻራ አይተውም። ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው ይህን ጊዜያዊ ዋጋ እንደ ቋሚ መቁጠር ነው። በተቃራኒው በጠቅላላው የመግቢያ ፋይል የተጻፈው ለሚገቡ ሰዎች እንጂ በሲስተምዲ ለሚነሡ አገልግሎቶች አይደርስም።

ከዚህ በመነሣት አራት የአሠራር መመሪያዎችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ የከባቢ ፋይል ይኑረው፤ ፋይሉም በመሣሪያው ከአብነት ተዘጋጅቶ በአገልግሎቱ የሲስተምዲ መግለጫ ውስጥ ይጠቀስ። ይህ ፋይል የሼል ስክሪፕት አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ «ኤክስፖርት» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ተቀባይነት የለውም፣ በአንዱ ዋጋ ውስጥ የሌላው ተለዋዋጭ ስም ቢጻፍም በዋጋው አይተካም።

ሁለተኛ፣ በነባር ፋይል መጨረሻ ላይ መስመር መጨመር ይቅር፤ መሣሪያው በተመላለሰ ቁጥር ያው መስመር ይደጋገማልና። ፋይሉ በሙሉ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ፋይሉ ሲለወጥ አገልግሎቱ እንደገና እንዲነሣ ይታዘዝ። ይህ ካልሆነ ፕሮሰሱ በአሮጌው ዋጋ ይቀጥላል፤ ምናልባት ከወራት በኋላ ሰርቨሩ ሲነሣ አዲሱ ዋጋ ባልታሰበ ሰዓት ይጸናል፣ የችግሩም ምክንያት ከሰው አእምሮ ጠፍቶ ይገኛል።

አራተኛ፣ ማረጋገጫው ከፋይሉ ሳይሆን ከሚሠራው ፕሮሰስ ይፈለግ። ሊኑክስ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሲነሣ የያዘውን ከባቢ በፕሮክ ማውጫ ሥር ያሳያል።

ይኸው ግልጽነት ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም የምስጢር ጉዳይ ነው። በከባቢው የተቀመጠን የይለፍ ቃል ልጅ ፕሮሰሶች ሁሉ ይወርሱታል፤ በስሕተት ዘገባዎችም ውስጥ ታትሞ ሊወጣ ይችላል። የሲስተምዲ መመሪያ ራሱ ከባቢው ለምስጢር የማይመች መሆኑን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ የይለፍ ቃል በኮድ ማከማቻው ውስጥ ተመስጥሮ፣ በሰርቨሩም ላይ አገልግሎቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ቢቀመጥ ይመረጣል። ከውጭ የሚመጣ ዋጋም በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 24 ቀን 2014 ይፋ የሆነው ሼልሾክ የተባለው የባሽ ጉድለት፣ በከባቢ ተለዋዋጭ ውስጥ የተሸጎጠ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊፈጸም እንደሚችል አሳይቷል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ የምንጠብቃቸው ሰርቨሮች የሰው ደመወዝ፣ ሕክምናና መዝገብ የሚያልፍባቸው ናቸው። አገልግሎት የሚሻው ሕዝብ ስለ ፕሮሰስና ስለ ውርስ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው የእኛ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ እያንዳንዳችን ወደየሥራ ቦታችን ስንመለስ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣውን ፕሮሰስ መርጠን፣ ማን እንዳስነሣውና ምን እንዳወረሰው፣ የጻፈውም ፋይል ባዶ አለመሆኑን እንድንመረምር አሳስባለሁ።