የዋህ ወይስ ተላላ?

እሷ፦ እዚህ አብርሃ ጅራ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የወረደ ሳሉግ (የወቅት ሠራተኛ) በቃል ብቻ ተስማምቶ ሥራ ሲጀምር፣ «ምን ዓይነት ተላላ ነው!» ይባላል።

እሱ፦ የዋህ በይው እንጂ።

እሷ፦ ይለያያሉ እንዴ?

እሱ፦ በጣም! የዋህ ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ ገር፣ ትሑት ማለት ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ የተመሰገኑት የዋሆች ናቸው።

እሷ፦ እሺ፣ ዛሬ «አንተ የዋህ» ብትባል ደስ ይልሃል?

እሱ፦ እንደ ተናጋሪው ነው። እናቴ ካለችኝ ፍቅር ነው።

እሷ፦ ነጋዴ ካለህስ?

እሱ፦ እሱማ «በቀላሉ ትሸወዳለህ» ማለቱ ነው።

እሷ፦ አየህ፣ ወደ ተላላ ተጠጋ!

እሱ፦ ልክ ነሽ። ተላላ ግን ምስጋና የለበትም፤ ነገሩን ሳያጣራ የሚቀበል ነው።

እሷ፦ ያ ሳሉግ ለእኔ ተላላ አይደለም። ሰው በቃሉ ይገኛል ብሎ ነው ያመነው። ስድቡ ለቃል አባዩ ይሁን!

እሱ፦ ይሁን። ቢሆንም ማጭድ ከመነሳቱ በፊት ሂሳቡ በምስክር ፊት ይነገር።