ከሚሳ ሉባ ሸክላ የትኛውን ዜማ እንመርጣለን?

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የሙዚቃ ክፍል የሰጠን ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከአንድ የልጆች መዘምራን ሸክላ ላይ ከሁሉ አብልጠን የምንወደውን ዜማ መርጠን፥ ስለ ምን እንደ መረጥነው እንድናስረዳ ነው የታዘዝነው። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ነን። ሦስታችንም በመጀመሪያው ቀን የተለያየ ዜማ ነበር የመረጥነው፤ ስለዚህ አሁን የምታነቡት ቃል ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የወጣ መሆኑን ከወዲሁ እንናገራለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ መውደድ የግል ጉዳይ ስለ ሆነ ክርክር አያሻውም ብለውናል። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። ሰው ምክንያቱን በጉባኤ ፊት እንዲናገር ሲጠየቅ፥ አዳምጦ የወደደውንና ሌላ ሰው ሲያወድሰው ሰምቶ የወደደውን መለየት ግድ ይሆንበታል።

ሸክላው «ሚሳ ሉባ» የሚባለው ነው። «ሚሳ» በላቲን ቅዳሴ ማለት ሲሆን፥ ሉባ ደግሞ በኮንጎ ደቡብ የሚኖር ታላቅ ሕዝብ ስም ነው። ጊዶ ሃዘን የሚባሉ የፍራንቸስኮ ማኅበር የቤልጅግ ቄስ በ1953 ዓ.ም. (እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በካታንጋ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ካሚና መጥተው የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ከተማሪዎቹ መካከል መዘምራን አቋቋሙ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆነ 45 ያህል ወንዶች ልጆችና 15 ያህል መምህራን ነበሩበት። ስሙንም በጊዜው በነበሩት የቤልጅግ ንጉሥ «የንጉሥ ቦዱዊን ትሩባዱሮች» አሉት። ትሩባዱር ማለት በመካከለኛው ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ ግጥምና ዜማ ይደርስ የነበረ ሰው ነው። የሉባ ልጆች የፈረንሳይ አዝማሪ ስምና የቤልጅግ ንጉሥ ስም ተደርቦላቸው መዘመራቸውን አስተውሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅዳሴው ለመጀመሪያ ጊዜ የተዜመው በካሚና በመጋቢት ወር 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መዘምራኑ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በቤልጅግ፥ በሆላንድና በጀርመን ዘመሩ፤ በብሩክሴል ተከፍቶ በነበረው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይም ላይ ታዩ። ሸክላውም የተቀዳው በዚያ ዓመት ነው። በአንዱ ፊት ያለው ቅዳሴው ሲሆን በሌላው ፊት ያሉት የአገሩ ዘፈኖች ናቸው፦ የሠርግ፥ የጭፈራ፥ የሥራ፥ የወታደሮች፥ እንዲሁም ከሐዘን የመውጫ ዘፈን፤ እኛ ከል ማውለቅ የምንለው መሆኑ ነው።

የቅዳሴው ቃላት ከጥንት ጀምሮ የሮማ ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀምባቸው ናቸው። ዜማው ግን በወረቀት ተጽፎ ለልጆቹ የተሰጠ አይደለም። መምህራኑና ልጆቹ የሚያውቁትን የአገር ዜማ ይዘው በልምምድ ላይ እያወጡና እየተቀባበሉ የፈጠሩት ነው። መሣሪያውም የተለያየ ዓይነት ከበሮና የሚንሿሿ ቅል ብቻ ነው። በኖታ የታተመው ኋላ ከሸክላው እየተሰማ ተገልብጦ ነው። እንግዲህ ሸክላው ላይ ያለው የድርሰቱ የመጨረሻ መልክ ሳይሆን፥ በዚያች ቀን እንደዚያ ሆኖ የተዜመው ነው። በማግስቱ ቢዘምሩት ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ።

ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያ የመረጠው «ሳንክቱስ» የሚባለውን ነው፤ ይኸውም «ቅዱስ» ማለት ነው። የብዙው ሰው ምርጫ ይህ እንደሚሆን እናውቃለን። ዜማው የተወሰደው ከባኩባ ሕዝብ የስንብት ዘፈን ነው። እንደ ጀልባ እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ ይነሣና፥ ሆሣዕና ላይ ሲደርስ ከበሮው የካሳይን ጭፈራ ይዞ ይፈጥናል። ሁሉ ነገር ያለቀው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ዝናው የተነሣው ግን በሲኒማ ነው። ሊንድሴይ አንደርሰን በ1968 ዓ.ም. ባወጣው «ኢፍ» በተባለው ፊልም ውስጥ፥ በአንድ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያምፅ ተማሪ ይህን ሸክላ ደጋግሞ ያጫውታል። ፊልሙ በ1969 ዓ.ም. በካን የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ፤ ሳንክቱስም ለብቻው በትንሽ ሸክላ እየታተመ በእንግሊዝ አገር ተሸጠ። የዐመፀኛ ተማሪ ዜማ መሆኑ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ እንደሚያስገኝለት አንጠራጠርም። ቢሆንም የካሚና ልጆች የስንብት ዜማቸውን የዘመሩት ስለ እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አልነበረም። ፊልሙን ሳያስቡ ሳንክቱስን መስማት አሁን አስቸጋሪ ሆኗል፤ ዜማው መልካም ሆኖ ሳለ በላዩ የተለጠፈበት ሥዕል ይጋርደዋል። «ግሎሪያ» የሚባለውንም ፓዞሊኒ በ1964 ዓ.ም. ስለ ማቴዎስ ወንጌል በሠራው ፊልም ውስጥ አግብቶታል፤ እዚያ ግን አልተጐዳም እንላለን።

ሁለተኛው ጓደኛችን ቅዳሴውን ትቶ በሌላው ፊት ካሉት ዘፈኖች «ባናሃ» የሚባለውን የወታደሮች ዘፈን ነበር የያዘው። ክርክሩም ከባድ ነበር። «ቅዳሴው ሚሲዮናውያን ያመጡት ቃል ነው፤ ልጆቹን ራሳቸውን መስማት ከፈለግን በገዛ ቋንቋቸው የሚዘፍኑትን እንስማ» አለ። ይህ አነጋገር በቶሎ የሚመለስ አይደለም። መዘምራኑ ብሩክሴል በዘመሩበት ዓመት፥ በዚያው ዐውደ ርእይ ግቢ ውስጥ ከኮንጎ የመጡ ሰዎች በቀርከሃ አጥር በተከለለ መንደር ተቀምጠው ለተመልካች ይታዩ ነበር። ከአጥሩ ውጭ የሚሰነዘረውን ስድብና የሚወረወረውን ሙዝ ሊታገሡት ስላልቻሉ በሐምሌ ወር ጥለው ሄዱ። በአንድ ግቢ ውስጥ፥ በአንድ ወገን የኮንጎ ልጆች በላቲን ሲዘምሩ ይጨበጨብላቸዋል፤ በሌላው ወገን ወገኖቻቸው እንደ አራዊት ይታያሉ። ጭብጨባው ለልጆቹ ነበር ወይስ ላስተማሯቸው? ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮንጎ ነጻ የወጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ሰኔ 30 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ ወር ካታንጋ ተገነጠልሁ አለች፤ ካሚናም የተባበሩት መንግሥታት ጦር ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዷ ሆነች። በዚያ ጦር ውስጥ እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ወታደሮች ስለ ነበሩ፥ የካታንጋ ስም ለአባቶቻችንና ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

ነገር ግን የጓደኛችን ክርክር አንድ ነገር ይዘነጋል። ልጆቹ ራሳቸውን ያገኙት በሌላው ፊት ብቻ ነው ካልን፥ በቅዳሴው ውስጥ የሠሩትን ሥራ ለቄሱ ብቻ መስጠታችን ነው። በታተመው ኖታ ላይ ያለው ስም የቄሱ ነው። ከዘማሪዎቹ መካከል ስሙ የሚነሣው ዮአኪም ንጎይ የሚባለው መምህርና መሪ ድምፅ ነው፤ አርባ አምስቱ ልጆች ግን «ትሩባዱሮች» ከመባል በቀር ስም የላቸውም። የዜማው ባለቤትነት ከእነርሱ ላይ አንድ ጊዜ በኖታው ወረቀት ተወስዷል፤ እኛ ደግሞ ከጥሩ አሳብ ተነሥተን ሁለተኛ ልንወስድባቸው አይገባም።

እንግዲህ የሦስታችንም ምርጫ በመጨረሻ ያረፈው በቅዳሴው መጀመሪያ ላይ ባለው በ«ኪርዬ» ነው።

ቃሉ ላቲን አይደለም። «ኪርዬ ኤሌይሶን» ግሪክኛ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ሲሆን የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሳትተረጕም በላቲኑ መካከል አስቀርታዋለች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ሳትተረጕም በግእዙ መካከል አቈይታዋለች። በሰሙነ ሕማማት በተለይም በስቅለት ዕለት፥ ሕዝቡ በስግደት ላይ ሆኖ «ኪርያላይሶን» ሲል ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እምነታችሁ ሌላ የሆነም ብትሆኑ በመንገድ ስታልፉ ሰምታችኋል። ስለዚህ ከዚህ ሸክላ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ያለ አስተርጓሚ የሚያውቀው ቃል ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው።

ዜማው የተወሰደው ከካሳይ፥ ከንጋንዳጂካ ወገን፥ «ካሳላ» ከሚባለው ነው። ካሳላ በሉባ ዘንድ በልቅሶ ላይ የሚባል ነው፤ የሟቹ ስም፥ ትውልዱና ሥራው እየተጠራ ይወደሳል። ሙሾ አውራጅ ያለበት አገር ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። አንዱ ያወርዳል፥ ሌላው ይቀበላል። በኪርዬም የምንሰማው ይህንኑ ነው፤ መሪው ይጠራል፥ የልጆቹ ድምፅ ተቀብሎ ያነሣዋል። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ እንደሚያደርገው ዜማው ከላይ ጀምሮ እየወረደ ይመጣል፤ ከበሮው ከሥር ሆኖ ቀስ እያለ ይደግፈዋል፥ አይቸኩልም።

እዚህ ላይ ነው ያቆመን። የኮንጎ መምህራን ያችን የግሪክ ቃል ሲቀበሉ ከሠርጋቸው ወይም ከጭፈራቸው ዜማ ሊያለብሷት ይችሉ ነበር፤ ሁለቱም በእጃቸው ነበሩ፥ በሌላው ፊት ይሰማሉ። የመረጡላት ግን የልቅሶ ዜማ ነው። የእኛም ሰዎች ከእነርሱ ምንም ሳይሰሙ ያችኑ ቃል ከዓመቱ ሁሉ ለሐዘኑ ሳምንት አደሏት። ሁለቱ ሕዝቦች አልተማከሩም። ቃሏን ወደ አንዱ ያመጣት ሮማዊ፥ ወደ ሌላው ያመጣት የምሥራቁ ክርስትና ነው፤ የመጡበትም ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይራራቃል።

ልዩነትም አለ፥ ልዩነቱም ደስ ያሰኛል። የ1958ቱን ሸክላ የሰሙ ብዙ አውሮፓውያን የተደነቁት ከበሮ ወደ ቅዳሴ በመግባቱ ነው። ኢትዮጵያዊ በዚህ አይደነቅም፤ ከበሮና ጸናጽል በማኅሌቱ ውስጥ ኖረዋል። የሚያስደንቀን ሌላ ነው። እኛ ኪርያላይሶን በምንልበት ሳምንት ከበሮው ይቀመጣል፥ ጸናጽሉም ዝም ይላል። እነርሱ ያለ ከበሮ አያዝኑም፤ እኛ ከበሮውን በማሳረፍ እናዝናለን። ይህን ካሰብን በኋላ ሸክላውን ደግመን ስንሰማው፥ ከሥር ያለው ከበሮ ቀድሞ እንደ ማጀቢያ የሚመስለን አሁን እንደ አንድ ለቀስተኛ ሆኖ ተሰማን።

«እናንተ የመረጣችሁት ዜማውን ሳይሆን የራሳችሁን ቃል ነው፤ ዘመድ አግኝታችሁ ነው የተደሰታችሁት» የሚለን ይኖራል። አንድ መምህራችን በእርግጥ እንዲህ ብለውናል። መልሳችን ይህ ነው፦ ቃሉ በሩን ከፈተልን፤ ከገባን በኋላ የያዘን ግን ዜማው ነው። ቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም የአውሮፓ መዘምራን የሚያዜሙት ኪርዬ በበቃን ነበር። የቪየና ልጆች ድምፅ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት እስኪያቅት ድረስ አንድ ሆኖ የተስተካከለ ነው፥ ውበቱም በዚያ ነው። የካሚና ልጆች እንዲህ አይደሉም። እንደ ሰፈር ሰው ይሰማሉ፤ አንዱ ጠንከር፥ አንዱ ሳሳ ይላል። ልቅሶ ቤት ደግሞ የተስተካከለ ድምፅ አይጠየቅም፤ መምጣትህ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ነገር ጨምረን እንውረድ። የወንድ ልጅ ድምፅ አሥራ ሦስት ዓሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ይሰበራል። የልጆች መዘምራን በየጥቂቱ ዓመት ሌላ መዘምራን የሚሆነው በዚህ ነው፤ ስሙ ይኖራል፥ ድምፁ ያልፋል። በ1958 ዓ.ም. ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረ ከሆነ፥ ነጻነቱ ሲታወጅ ዐሥራ አንድ፥ የካታንጋ ጦርነት ሲያበቃ ዐሥራ አራት ሊሞላው ነበር ማለት ነው። ያ ድምፅ የተሰበረው በዚያ መካከል ነው። እነዚያው ዘማሪዎች ያችኑ ዜማ በዚያው ድምፅ ደግመው ሊሏት የሚችሉበት ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ኋላ ሌሎች ዘምረውታል፤ በ1990 ዓ.ም. የኬንያው የሙንጋኖ መዘምራን ያስቀዳው ሊደመጥ የሚገባው ነው፥ ነገር ግን የአዋቂዎች ነው።

የባናሃው ጓደኛችን አሁንም ከከል ማውለቂያው ዘፈን ጋር አጣምረን እንድናሰማችሁ ይለምናል፤ ልመናው አግባብ ስለ ሆነ ተቀብለናል። መጀመሪያ ኪርዬን፥ ከዚያ ሸክላውን ገልብጠን ያንን ከሐዘን መውጫውን እናጫውታለን። ሳንክቱስን የምትሹ የሚቀጥለውን ተናጋሪ ጠብቁ፤ ጠበቃው እርሱ ነው።