የናፍጣ ሎኮሞቲቭ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር



ሞዴል ባቡር በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፣ ከበላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ በተዘረጋበት መስመር ላይ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መንዳት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ሽቦው እያለ ናፍጣ ምን ይሠራል ይላሉ ተቃዋሚዎቹ። ጥያቄው የጨዋታ ይምሰል እንጂ መሐንዲስ ሊያስብበት የሚገባ ቁም ነገር አለው።

በቅድሚያ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚሄደው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አንዲት ጠብታ ናፍጣ እንኳ እንደማይጠጣ ማስታወስ ይበጃል። በሁለቱም ሆድ ውስጥ ያለው ያው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ የሚለያዩት በውጭ መልካቸውና ኮረንት በሚቀበሉበት ስፍራ ብቻ ነው። በእውነተኛው ባቡርም ቢሆን ልዩነቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ አብዛኛው ትልቅ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጄኔሬተሩን ተሸክሞ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነውና።

በተለመደው ባለ 12 ቮልት የቀጥተኛ ኮረንት ሞዴል፣ ኮረንቱ በአንደኛው ሐዲድ መጥቶ ሞተሩን ካዞረ በኋላ በሁለተኛው ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ሎኮሞቲቮች አብረው ይሄዳሉ፣ አብረውም ይቆማሉ። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ ግን ሦስተኛ አስተላላፊ ይሆናል። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ከሁለቱ ሐዲዶች፣ የኤሌክትሪኩ ደግሞ ከሽቦውና ከአንደኛው ሐዲድ ብቻ ኮረንት ሲያገኙ፣ ሁለት ነጂዎች በአንድ መስመር ላይ የየራሳቸውን ባቡር በፈለጉት ፍጥነትና አቅጣጫ ለመንዳት ይችላሉ። እንግዲህ በዚህ ዘዴ ናፍጣው የሽቦውን ጥቅም የሚያወጣ ጓደኛ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከጋራው ሐዲድ ነው። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች በዚያ ሐዲድ ላይ ስለሚገናኙ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለየ የትራንስፎርመር ጥምጥም ያስፈልጋል፤ ከአንድ ጥምጥም የተቀዱ እንደሆነ፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ በዞረ ጊዜ ሾርት ሰርኪት ይፈጠራል። የባሰው ግን መስመሩ እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ሲሆን ነው። የኤሌክትሪኩ ሎኮሞቲቭ ፊቱን አዙሮ ይመጣና፣ በጋራው ሐዲድ ላይ የነበሩት ኮረንት ተቀባይ መንኰራኵሮቹ በሌላው ሐዲድ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ የሚያገኘው የሁለቱን መቆጣጠሪያዎች የቮልት ልዩነት ነው። ሁለቱ በእኩል መጠንና በአንድ አቅጣጫ ቢከፈቱ ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን፣ ሎኮሞቲቩ ያለ ምክንያት የቆመ ይመስላል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ቢከፈቱ ግን 24 ቮልት ይደርስበትና ለ12 ቮልት የተሠራው ሞተር ሊቃጠል ይችላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀመር ከማስረዳት ይልቅ አንድ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ማሳየት ለተማሪው ይቀለዋል።

የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ ችግሩን በሌላ መንገድ አልፎታል። በእርሱ ዘዴ ሁለቱም ሐዲዶች የመመለሻ ናቸው፤ ኮረንቱ የሚመጣው በመካከላቸው ከተደረደሩት ትንንሽ የብረት ጉጦች ወይም ከሽቦው ነው። ስለሆነም ሎኮሞቲቩ ወዴትም ቢዞር ግራና ቀኙ አንድ ነው። የጉጦቹን መልክ ግን ሁሉም አይወደውም።

ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ዲጂታል መቆጣጠሪያ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ትእዛዙን በሐዲዱ በኩል ስለሚልክ፣ ሽቦው በብዙ ቦታ ለጌጥ ብቻ ቀርቷል። ምቾቱ አይካድም፤ የሚያስተምረው ግን ያነሰ ነው።

ሽቦ እያለ ናፍጣ ለምን ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከእውነተኛው መስመር ነው። በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንት እንዲሠራ የታቀደው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ገና ሳይጠናቀቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በድርቁ ጊዜ እህል ያጓጓዘው በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነበር። ሽቦው እስኪያልቅ ቢጠበቅ ኖሮ ሐዲዱ ለዚያ ክፉ ቀን ባልደረሰ ነበር። ሽቦው ኃይል ባጣ ወይም በተበጠሰ ጊዜም የቆመውን ባቡር የሚጎትት፣ ጠጋኞቹንም ከስፍራው የሚያደርስ ናፍጣ ነው። ክሬን ኮንቴይነር በሚያነሣበት ግቢ ደግሞ ሽቦ ከበላይ መዘርጋት አይመችም።

ስለዚህ ሞዴል ሠሪው በጭነት ማራገፊያው ላይ ሽቦ ሳይዘረጋ ቢተውና፣ የናፍጣ ሎኮሞቲቩን በዋናው መስመር ሽቦ ሥር አሳልፎ ወደዚያ ቢያስገባው፣ ከእውነቱ አልራቀም። ሽቦው ከማለቁ አስቀድሞ ለኤሌክትሪኩ ሎኮሞቲቭ የመቆሚያ ምልክት መትከል ግን ግዴታ ነው። ምልክቱን አልፎ የሄደ እንደሆነ፣ በሞዴሉ በጣት ተገፍቶ ይመለሳል፤ በእውነተኛው መስመር ናፍጣው ይጠራል።