ከዕድር ምን እንማራለን?

በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ አንድ ትንሽ ድልድይ ነው። ነገሩ ለዚህ ጉባኤ ያነሰ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ብትታገሡን፣ ከድልድዩ የሚበልጥ ጉዳይ እንዳለበት ትረዱልናላችሁ።

ከግቢያችን በስተጀርባ ባለው ሠፈር የሚያልፈውን ወንዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። በበጋ ሕፃን ይዘለዋል፤ በክረምት ግን ትልቅ ሰው ይፈራዋል። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ እንጨትና ምስማር ገዝተን፣ በሦስት ቅዳሜ መሻገሪያ ሠራን። በምረቃው ቀን ንግግር አደረግን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። የሠፈሩ ሰው «የተማሪዎች ድልድይ» አለው። እኛም በስሙ ኮራን።

ክረምቱ ሳይወጣ ሁለት ሳንቃ ተነቀለ፤ የመለሰው ሰው የለም። ቀጥሎ መደገፊያው ዘመመ፤ ያቃናውም የለም። በመስከረም ከዕረፍት ስንመለስ የሠፈሩ ልጆች እንደ ዱሮው ጫማቸውን አውልቀው በውኃው ውስጥ ሲሻገሩ አገኘናቸው። ተቈጥተን የሠፈሩን ዕድር ዳኛ ጠየቅናቸው። እሳቸውም በትሕትና የነገሩን፣ ድልድዩ የተማሪዎች ስለ ሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይነካ ብለው እኛን ሲጠብቁ መክረማቸውን ነው። የኮራንበት ስም ጥፋታችንን የሚናገር እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ይህ ሠፈር የዕድሩን ድንኳን ለብዙ ዓመት ሳይቀደድ የያዘ፣ ወንበሩንና ድስቱን ቈጥሮ አውጥቶ ቈጥሮ የሚመልስ ሕዝብ ያለበት ነው። ታዲያ ድልድዩን ስለ ምን ተወው? ሕዝቡ ሰነፍ ነው ለማለት አይቻልም። ምክንያቱን በዕድሩ አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን። በዕድር አባል ሁሉ በስሙ ይታወቃል። መዋጮው የተቈረጠ፣ የስብሰባው ቀን የታወቀ ነው። የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ፊት ሒሳቡን ያሰማል። ከሁሉ በላይ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው አባሎቹ ናቸው። ለዚህ ነው ጡሩምባ ሲነፋ ሀብታሙም ድኻውም አብሮ የሚነሣው። ለእኛ ድልድይ ግን ደንብ ያወጣ፣ መዋጮ የከፈለ፣ ሒሳብ የሰማ የሠፈር ሰው አልነበረም።

ዕድር ለቀብር እንጂ ለልማት አይሆንም የሚል ወንድም ቢኖር፣ ያለፈውን ታሪክ እንዲጠይቅ እንለምነዋለን። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የነበሩ ልዩ ልዩ ዕድሮች ቀብር ከማስፈጸም ዐልፈው የሠፈራቸውን መንገድ ይጠግኑ፣ ዘበኛም ይቀጥሩ ነበር። ከዚህ የሰፋም ምሳሌ አለ። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ከመርካቶ ነጋዴ፣ ከቀን ሠራተኛውና ከገጠሩ ገበሬ ገንዘብ እየተዋጣ፣ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር በመተባበር መንገዱ ወደ ሀገር ቤት ገባ። ድርጅቱም መንገድ በመሥራት ብቻ አልተወሰነም፤ በኋላ ትምህርት ቤት ወደ ማሠራትና ወደ ሌላም ልማት ተሻገረ። በዚያው ዘመን ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድም እንዲሁ ማኅበር ቆሞ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ነው። ልብ በሉ፤ ያዋጡት ሰዎች ለሌላ የሚመጸውቱ አልነበሩም። ለመስቀል ወደ ዘመዶቻቸው ሲመለሱ በዚያ መንገድ የሚሄዱት ራሳቸው ነበሩ።

ተማሪም ከዚህ ዐይነቱ ሥራ ርቆ አያውቅም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ፣ ይበልጡን በመምህርነት ያሠራው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በሁለቱ ላይ ፍርድ መስጠቱን ለታሪክ መምህራኖቻችን እንተዋለን። እኛ የምንወስደው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ የዘመተ ሰው የሚመለስበት ቀን አለው፤ የሠፈር ሰው ግን እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ሥራው መያዝ ያለበት በሚቀረው ሰው እጅ ነው።

ይህን ስንል ዕድር እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። መዋጮ ያቃተው ድኻ ከደጅ ይቀራል። በብዙ ቦታ ሴቶች ወጡን ይሠራሉ እንጂ ስለ ደንቡ ሲመከር ድምፃቸው አይሰማም። ክርክሩም ይረዝማል፤ እኛ በሦስት ቅዳሜ የጨረስነው ለእነርሱ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ይህ እንዲታረም የምንፈልግ ከሆነ፣ ከውጭ ቆመን መንቀፋችን አይረባም፤ ገብተን እንደ አባል እጃችንን አንሥተን መናገር ይገባናል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ድልድዩን እንደ ገና በስማችን አንሥራ። የማኅበራችንን ስም የያዘው ሰሌዳ ይነሣ። የዕድሩ ዳኛ ጉዳዩን ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ እንደሚያቀርቡልን ተስፋ ሰጥተውናል፤ እኛም ከሠፈሩ ሰው እኩል መዋጮ እንክፈል። የምሕንድስና ተማሪዎች ውኃው በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ለክተው ያስረዱ፤ ግን ከመለካታቸው በፊት እዚያ ያረጁትን ሽማግሌዎች ይጠይቁ። የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ገንዘብ ያዡን ይርዱ እንጂ ገንዘቡን አይያዙ። ቦታውንና ቀኑን ሠፈሩ ይወስን።

ይህ ሐሳብ ክብራችንን የሚቀንስ የሚመስለው ጓደኛ ቢኖር፣ አንድ ቀን ጧት ወንዙ ዳር ቆሞ ጫማቸውን በእጃቸው የያዙትን ልጆች እንዲያያቸው እንጠይቀዋለን።

የዕድሩ ስብሰባ የፊታችን እሑድ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። አብራችሁን እንድትመጡ በአክብሮት እንጋብዛለን። ያረፈደ እንደ ማንኛውም አባል ይቀጣል።