ከግንቡ ማዶ የሚሰማው

እሷ፦ በቅርብ ዓመታት ሲኒማ ቤት ገብተህ ካየሃቸው ፊልሞች ከውስጥህ ያልወጣው የቱ ነው?

እሱ፦ «ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት»። የናዚዎች ማጎሪያ የነበረው የአውሽዊትዝ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ ከማጎሪያው ግንብ ሥር ከነቤተሰቡ ይኖራል። ሚስቱ በአበባዋ ትኮራለች፤ ከግንቡ ማዶ ተኩስና ጩኸት ይሰማል። ዳይሬክተሩ ጆናታን ግሌዘር ግድያውን አያሳየንም፤ ያሰማናል እንጂ። አጠገቤ የነበረው ሰው ፈንዲሻውን መብላት ተወ።

እሷ፦ በ2024 በድምፅ ዘርፍ ኦስካር ማግኘቱ ሲያንሰው ነው! እኔን ግን ይበልጥ ያስደነገጠኝ የአቶሚክ ቦምቡን ሳይንቲስት ታሪክ የሚተርከው «ኦፐንሃይመር» ነው። ቦምቡ ሲፈነዳ መጀመሪያ ብርሃኑ ብቻ ይታያል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

እሱ፦ ሦስት ሰዓት ግን ረዘመ፤ ሳይንቲስቱ የሚመረመርበት ክፍል ቢያጥር ደግ ነበር።

እሷ፦ አልስማማም፤ ሰውየው የሚመዘነው እዚያ ነው።

እሱ፦ ይሁን። አድማጮቻችን፣ የግሌዘርን ፊልም ግን አደራ፣ በስልክ ድምፅ እንዳታዩት።