ስለ ማሕፀን በር ካንሰርና ስለ በር ዘበኞች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን የተማርነውን ለወላጆቻችን ካልነገርን የትምህርታችን ጥቅም ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ በሥነ ሕይወት ትምህርት ካገኘነው መካከል ለየቤታችን ይጠቅማል ያልነውን መርጠን፣ ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ጥቂት ቃል እንድንናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የኢትዮጵያን ሴቶች አብዝቶ የሚያጠቃው ካንሰር ይኸው ነው። በዓለምም እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 660 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በዚህ በሽታ መያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 350 ሺህ ያህል ሴቶች ሞተውበታል። አብዛኞቹም እንደ እኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የሚያሳዝነው ግን ብዛታቸው ብቻ አይደለም። ምክንያቱ በግልጽ በታወቀ፣ አስቀድሞም ሊከለከል በሚችል በሽታ መሞታቸው ነው።

ሐኪሞች ይህን የሰውነት ክፍል የማሕፀን በር ይሉታል። እኛ በፈረስ መጋላ ዙሪያ ያደግን ልጆች ስለ በር ብዙ ማስረዳት አያስፈልገንም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ በቀድሞ ዘመንም ማታ ማታ ይዘጉ እንደ ነበር ከሽማግሌዎች ሰምተናል። በሸዋ በርም ሆነ በኤረር በር የገባ ሰው ዞሮ ዞሮ ፈረስ መጋላ ይደርሳል። ስለዚህ ከተማን የሚጠብቀው የግንቡ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የዘበኛው ንቃት ጭምር መሆኑን እናውቃለን። የሰውነታችንም ነገር እንዲሁ ነው።

ሰውነታችን የተሠራባቸው፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ሕዋሳት ይባላሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል የዘር ጽሑፍ አለ። ሕዋሱ ያለ ጊዜው እየተከፈለ እንዳይበዛ የሚጠብቁት ዘበኞች ደግሞ አሉት። ከእነርሱ አንዱ አርቢ ይባላል፤ ሥራውም መከፈል በማያስፈልግበት ጊዜ «ቁም» ማለት ነው። ሌላው ፒ53 ይባላል፤ እርሱም የዘሩ ጽሑፍ በተበላሸ ጊዜ ሥራውን ያስቆማል፣ ሊጠገን የማይችል ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል።

ታዲያ ጠላቱ ማን ነው? ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ትሱር ሃውዘን ከረዳቶቻቸው ጋራ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባሉት ቫይረሶች 16ኛውን ዓይነት፣ በሚከተለው ዓመት ደግሞ 18ኛውን በዚህ ካንሰር ውስጥ አገኙ። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከማሕፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነዚህ ሁለት ዓይነቶች ናቸው።

ቫይረሱ እጅግ ትንሽ ነው። የሰው የዘር ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ የእርሱ 8 ሺህ ያህል ብቻ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ በማሕፀን በር ላይ በሚገኝ ትንሽ ጭረትም ገብቶ ከታችኞቹ ሕዋሳት ይደርሳል። የራሱ የመራቢያ መሣሪያ ስለሌለው የሕዋሱን መሣሪያ መጠቀም ይፈልጋል፤ ለዚህም ዘበኞቹን ያስወግዳል። ኢ7 የሚባለው ፕሮቲኑ አርቢን ይዞ ከሥራው ያሰናክለዋል። ኢ6 የሚባለው ደግሞ ተንኰለኛ ነው፤ ፒ53ን በገዛ እጁ አይገድለውም። ሕዋሱ ራሱ አሮጌ ፕሮቲን በሚጥልበት ሥርዓት ተጠቅሞ፣ በጤነኛው ዘበኛ ላይ «ይህ ይጣል» የሚል ምልክት እንዲደረግበት ያደርጋል።

ይህ ሲባል ቫይረሱ የገባባት ሴት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። ከ10 ሰዎች ዘጠኙ ያህል ቫይረሱን በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በሰውነታቸው ኀይል ያስወግዱታል። በቀሩት ላይ ግን ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። ኢ2 የሚባል ሌላ የቫይረሱ ፕሮቲን ኢ6ንና ኢ7ን ልጓም እንደ ያዘ ፈረሰኛ ይገታቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን የቫይረሱ ዘር ተቈርጦ ከሰው ዘር ጋራ ሲቀላቀል ኢ2 ይበላሻል፤ ልጓሙም ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ያለ ዘበኛ ይከፈላል፣ ስሕተት በስሕተት ላይ ይጨመራል፣ በመጨረሻም ካንሰር ይሆናል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አደጋው ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ተሰጥቶናል፤ ይህን ጊዜ በዝምታ ማሳለፍ ግን የእኛ ጥፋት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ክትባት ነው። ክትባቱ የቫይረሱ ውጫዊ ቅርፊት ብቻ ነው፤ በውስጡ የቫይረሱ ዘር የለበትም። ባዶ ቤት ሰው እንደማይወልድ ሁሉ ይህም ባዶ ቅርፊት በሽታ ሊያመጣ አይችልም፤ ሰውነታችን የጠላቱን መልክ አስቀድሞ እንዲያውቅ ብቻ ያደርገዋል። በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ለመስጠት ታላቅ ዘመቻ ተደርጓል።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። በጤና ጣቢያ የማሕፀኑ በር በቀጭን አሴቲክ አሲድ፣ ማለት በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ ይቀባል፤ የተለወጠ ቦታ ቢኖር ይነጣል። ያን ጊዜ በብርድ ወይም በሙቀት ይጠፋል፤ ብዙውን ጊዜም ሴቲቱ በዚያው ዕለት ታክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ እናቶቻችን ምንም ሕመም ባይሰማቸውም መመርመር ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ካንሰሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረገው ሕክምና ነው። በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከዚያ ካለፈ የጨረር ሕክምና ይሰጣል፤ ጨረሩም የካንሰሩን ዲኤንኤ ይሰባብራል። አብሮ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ከዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ስብራቱ እንዳይጠገን ያግዳል። ቀድሞ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ከሐረር የምትነሣ ሕመምተኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጒዛ ተራ መጠበቅ ነበረባት። ዛሬ ግን በከተማችን በሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ማዕከል ይገኛል።

ለወደፊቱም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት ሕመምተኛ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰዱት የማሕፀን በር ካንሰር ሕዋሳት እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ይራባሉ። ሊቃውንት በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ኢ2ን መልሰው ባስገቡ ጊዜ ዘበኞቹ ተመልሰው ሕዋሳቱ መከፈላቸውን አቆሙ። ይህም ዘበኞቹ ታፍነው እንጂ ዘራቸው እንዳልጠፋ ያሳያል።

አሁን ለመናገር የሚከብደንን እንናገር። ክትባቱ በትምህርት ቤት በተሰጠበት ጊዜ አንዳንድ እኅቶቻችን በዚያ ቀን ከቤት እንዳይወጡ ተደርገው ነበር። መርፌው ያመክናል የሚል ወሬ ከገበያ እስከ ቤት ደርሶ ነበርና። ከእነርሱ መካከል ዛሬ ከእኛ ጋራ የሚመረቁ አሉ። እኛም በዚያን ጊዜ ነገሩን ስለማናውቅ ዝም አልን፤ አንዳንዶቻችን እንዲያውም ስቀንባቸዋል። ዛሬ ያን ዝምታችንን እንጸጸትበታለን። ያልተከተቡት እኅቶቻችን ሐኪም እንዲያማክሩ፣ ጊዜው ሲደርስም ምርመራውን እንዳያሳልፉ አደራ እንላለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህ በሽታ የመጥፎ ጠባይ ምልክት አይደለም። ቫይረሱ ከሰው ሁሉ የማይርቅ ስለ ሆነ ትዳሯን አክባሪ የሆነች እናትም ልትያዝ ትችላለች፤ ወንዶችም ሳያውቁት ያስተላልፉታል። ስለዚህ ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም የፈሰሳት ሴት በኀፍረት ተደብቃ እንዳትቀመጥ፣ አባቶቻችንና ወንድሞቻችንም «ምን ሆነሽ?» ብለው በርኅራኄ ጠይቀው ወደ ሐኪም እንዲወስዷት እንለምናለን።

አባቶቻችን፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የማሕፀንን በር የሚጠብቁት አርቢና ፒ53 ብቻ አይደሉም። ልጁን የምታስከትብ እናት፣ ሚስቱን ወደ ምርመራ የሚሸኝ አባት፣ ወሬውን በእውቀት የሚመልስ ተማሪ ሁሉ የበሩ ዘበኛ ነው። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ይህን ዘበኝነት ተቀብለን እንወጣለን።