ስለ ባትሪ አሞላል ለጓደኞቻችን የተደረገ ንግግር



ትንንሽ አውሮፕላኖቻችንን በራዲዮ የምናዝበትን የእጅ መቆጣጠሪያ ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ሰክተን ተኛን። ሌሊት በሽታው ነቅተን ብናይ ባትሪው እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ የሊቲየሙን ባትሪ በኒኬል መሙያ ላይ ሰክተነው ኖሯል።

የኒኬሉ አንድ ሴል 1.2 ቮልት ነው፤ ስምንቱ ሲደረደሩ 9.6 ይሆናሉ። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዘውን በ200 ሚሊአምፔር ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢሞሉት ይበቃዋል። የሊቲየም ፖሊመሩ እያንዳንዱ ሴል ግን 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት፤ ካለፈ ያብጣል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ ለእርሱ የተሠራ መሙያ የግድ ነው። ተራውን የባትሪ ድንጋይማ መሙላት ጨርሶ አይታሰብ።

የመሙያው ቀዳዳም ያሳስታል። ባንዱ ፋብሪካ መካከሉ ፖዘቲቭ፤ በሌላው ኔጋቲቭ ነው። በአንዳንዱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ደግሞ ዲዮድ ስላለ ፈጣኑ መሙያ የባትሪውን ቮልት በትክክል አያነብም፤ ባትሪውን አውጥቶ ለብቻው መሙላት ይሻላል።

እንግዲህ የሊቲየሙን ባትሪ በቀን፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ፤ ከመጽሐፍና ከመጋረጃ አርቀን ልንሞላ ቆርጠናል። መምህራችን የቤተ ሙከራውን ጥግ ፈቅደውልናል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ተረኛ ግን ገና አላገኘንም።